ሰማኒያ ላይ የሚመጣው መንቀጥቀጥ

አባቴ መኪና መንዳት ያቆመው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከእንፍራንዝ፣ ከእህቱ ቤት ተመልሶ ግቢ ገባ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ ግን አልወረደም። እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ አስራለሁ። እንደ ልማዴ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ለመውጣት እየተጣደፍሁ ነበር። ቀና ስል አባቴ ሁለት እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል። መዳፉን፣ ከዚያ ጀርባውን፣ ከዚያ እንደገና መዳፉን። ብዙ ቆይቶ ወረደና ቁልፉን ሰጠኝ።

«ከእንግዲህ አንተ ንዳ» አለኝ።

«ምነው አባባ? ምን ሆንህ?»

«ደከመኛ። ሰው አይደክምም?»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ጠይቄ የማላገኘው ነገር ሳልጠይቅ እጄ ገባ። ለምን እንደደከመው ለማወቅ ትንሽ እንኳ አልቆየሁም፤ ማሰሪያዬን ሳልጨርስ መኪናዋን አስነስቼ ወጣሁ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሚሊኒየሙን ካከበርን ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖናል። ጎንደር አዲስ ዓለም ባለው የቤተሰባችን የጨርቅ ሱቅ ከእናቴ ጋር እሠራ ነበር፤ ያ ሥራ ከተባለ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ጨርቅ እየለካሁ ዓይኔ መንገድ ላይ ነው። ሰኞ መተማ ወርጄ ሰሊጥ እነግዳለሁ እላለሁ፤ ረቡዕ ሱዳን እሻገራለሁ እላለሁ፤ ዓርብ አዲስ አበባ ገብቼ እማራለሁ እላለሁ። እናቴ ዕቅዴን መስማት ትታ «እሱን ጥቅል አንሣልኝ» ትለኝ ነበር።

አባቴ የኔ ተቃራኒ ነበር። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ከመተማ ሰሊጥና ጥጥ ጭኖ በአይከል በኩል ያንን ዳገት ሲወጣ፣ መንገዱ ገና አስፋልት ሳይነካው፣ አንድም ቀን አልተገለበጠም። ጡረታ ሲወጣ አንዲት ነጭ የቤት መኪና ገዛ። እሱ እንደ ድሮ ጎንደሬዎች «ማኪና» ነው የሚላት። ጁምዓ ሰግዶ ምሳውን ከበላ በኋላ እንፍራንዝ ይሄዳል፤ እዚያ ባሏ የሞተባት አንዲት እህት አለችው። አድሮ ቅዳሜ ይመለሳል። ሳምንቱ ለሱ ያች ጉዞ ነበረች፤ ሌላው ቀን እሷን መጠበቂያ ነው።

ቁልፉን ከመስጠቱ ከሦስት ሳምንት በፊት ጨርቅ ላመጣ አዲስ አበባ ወርጄ ነበር። እዚያ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ አራት የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ተደርድረው አየሁ። ቸርኬ ጎማው የሚለብስበት ብረት ነው፤ የኛዋ መኪና ይዛው የመጣችው ጥቁር፣ ጭቃ የጠገበ ብረት ነው። እነዚህ ግን ባለአምስት ክንፍ ኮከብ ይመስላሉ፤ ፊቴን ያሳዩኛል። ሻጩ «ለሁሉም መኪና ይሆናል» አለኝ። የብሎኑ ቀዳዳ ቁጥርና ርቀት ከኛዋ ጋር ገጠመ፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅሁም። አባቴንም አልጠየቅሁም።

ጎንደር በገባሁ ማግስት እሱ መስጊድ ሳለ መኪናዋን ወደ አንድ ጎማ ሠራተኛ ወሰድሁ። ሰውየው ሥራ በዝቶበታል፤ እኔ ደግሞ ቶሎ በል እያልሁ ከኋላው ቆሜያለሁ። አባቴ ከመምጣቱ በፊት ላድርስ ብዬ ነው። የድሮዎቹን ቸርኬዎች ያኔውኑ ወደ አይከል ለሚሄድ ሰው ሸጥኋቸው። አባቴ ሲመለስ መኪናዋን አንዴ ዞራት፤ አጎንብሶ ኮከቡን በጣቱ ነካው።

«ያምራል» አለ። ቀጠለና «የድሮዎቹስ?» አለኝ።

«ሸጥኋቸው።»

«ሸጥሃቸው።» የኔን ቃል ደገመውና ወደ ቤት ገባ። ሦስት ጁምዓ ሄዶ ሦስት ቅዳሜ ተመለሰ፤ በሦስተኛው ቁልፉን ሰጠኝ።

መንዳት ካቆመ በኋላ አባቴ ቶሎ አረጀ። ቶሎ ስል በሳምንታት ነው። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጁ መያዝ ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ በገዛ እጁ ጢሙን የሚላጭ ሰው ፀጉር አስተካካይ ቤት መሄድ ጀመረ። እናቴ ጨንቋት ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ እጁን አስዘርግቶ አየና «መንቀጥቀጥ አለ፤ ቀላል ነው፤ የዕድሜ ነው፤ በሽታ አይደለም» አለው። አባቴ የሰማው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው።

እህቱ ስትደውል «ኢንሻአላህ በሚመጣው» ይላታል። በሚኒባስ ሂድ ስንለው «ሠላሳ ዓመት ነድቼ ተሳፋሪ ልሁን?» ይላል። ላድርስህ ስለው ደግሞ «አንተ አትቸኩል፤ እደርሳለሁ» ይለኝና አይሄድም። በረንዳው ላይ ይቀመጣል። የድሮ ሹፌር ጓደኞቹ መጥተው ምነው ሲሉት «ዓይኔ ነው» ይላቸዋል። ዓይኑ ደህና ነበር።

እኔ በዚያች መኪና ከተማዋን እዞራለሁ። ፒያሳ ወጥቼ እወርዳለሁ፤ ቸርኬው ሲያበራ ሰው ዞሮ ያያል። ከተማ ውስጥ ከሃምሳ በላይ አይነዳም፤ አንድም ነገር አልተሰማኝም።

በአራተኛው ሳምንት እናቴ ለአክስቴ ስኳርና ጥቂት ጨርቅ አድርስ ብላ ላከችኝ። ብቻዬን ነበርሁ። አዘዞን አልፌ ወደ ማክሰኝት ያለው ሜዳ ላይ ስደርስ መንገዱ ባዶ ሆነ፤ ነዳጁን ረገጥሁ። ሰባ አምስት ላይ መሪው መዳፌን ኮረኮረው። ሰማኒያ ላይ ተንቀጠቀጠ። ቀለል ያለ አይደለም፤ እጄ እስከ ክርኔ አብሮት ተንቀጠቀጠ። ደንግጬ ፍጥነቱን ስቀንስ ጠፋ። እንደገና ስጨምር እንደገና መጣ፤ መቶን ሲያልፍ ለዘብ አለ።

መንገድ ዳር ቆምሁ። ወርጄ ጎማውን የሚያስሩትን ዳዶዎች ሁሉ በቁልፍ ሞከርሁ፤ ጥብቅ ናቸው። ተመልሼ ገባሁና ተቀመጥሁ፤ እጆቼ ውስጥ አንዳች ነገር ስለቀረብኝ ጭኔ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አባቴ መኪናዋ እንደምትንቀጠቀጥ አላወቀም። የሚንቀጠቀጠው እሱ መስሎታል።

አክስቴ ቤት ዕቃውን አድርሼ፣ ወንድሟ ለምን እንደቀረ ስትጠይቀኝ ጉንፋን ነው ብዬ ዋሽቼ፣ ውሃ እንኳ ሳልጠጣ ተመለስሁ። በመንገድ ሁሉ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር። ግቢ ስገባ አባቴ በረንዳው ላይ ነው።

«መንገዱ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው።»

«ማኪናዋስ?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ያቺ ቃል ምን ያህል አጭር እንደነበረች ይገርመኛል።

«ደህና ናት» አልሁት።

አፈርሁ። ቸርኬውን ያመጣሁት እኔ፣ ሳልጠይቅ ያስገጠምሁት እኔ፣ የድሮውን የሸጥሁት እኔ። መጀመሪያ ላስጠግን፣ ከዚያ እነግረዋለሁ አልሁ። ሁለት ቀን ነው የሚፈጀው አልሁ። አምስት ሳምንት ፈጀ።

ጎማዎቹን ባላንስ አሠራሁ። ማሽኑ ላይ አሽከርክረው ክብደቱ በዙሪያው እኩል እንዲሆን እርሳስ ለጠፉበት፤ ማሽኑ ዜሮ አለ። ማክሰኝት ድረስ በርሬ ሞከርሁ፤ ሰማኒያ ላይ መሪው ተንቀጠቀጠ። ሌላ ቦታ ደግሜ አሠራሁ፤ ዜሮ። እንደገና ተንቀጠቀጠ። የፊት እግሯን አስተካከሉ። ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ቀየሩ። ጎማው ተፈትቶ በታሰረ ቁጥር ነገሩ ይለዋወጣል፤ አንድ ቀን ይሻላል፤ በሚቀጥለው ይብሳል። ይኸ ነው ያሳበደኝ። ቁርጥ ያለ ብልሽት ቢሆን ተረጋግቼ እቀመጥ ነበር።

ሱቅ ውስጥ ሦስት ሜትር ሲሉኝ አራት እቆርጣለሁ። ምሳ ቀርቦ እነሣለሁ። ግቢ ስገባ አባቴ ካለ በጓሮ በር እዞራለሁ፤ ከሌለ ደግሞ የት ሄደ ብዬ እፈልገዋለሁ። እናቴ ሴት የያዝሁ መስሏት ማን ናት እያለች ትጠይቀኝ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ከመኝታ ስነሣ የማላውቀው ሰው መኪናዋን ሲዞር አየሁ። አባቴ አጠገቡ ቆሞ ስለ ሞተሩ ይነግረዋል። ገዢ ነበር። ሰውየው አስብበታለሁ ብሎ ሲወጣ አባቴን «ልትሸጣት ነው?» አልሁት።

«ለማይነዳት ሰው ማኪና ምን ያደርግለታል?» አለኝ፤ በቁጣ ሳይሆን ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

በማግስቱ አዘዞ ሄድሁ። ኩሽኔታ የሸጠልኝ ሰው ነው አንድ የቶርኖ ባለሙያ የጠቆመኝ። ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ማሽን ያለው አንድ ክፍል ቤት ነው። ባለቶርኖው የድብ ባሕር ሰው ናቸው። ሙያውን የተማሩት በድሮው ጦር ወርክሾፕ ነው፤ መንግሥት ሲለወጥ አገራቸው ገብተው ሁለት ዓመት አርሰዋል፤ ከዚያ ማሽን መቼም አይለቅቅም ብለው ወደዚህ መጡ። የግራ እጃቸው ሁለት ጣት የለውም።

የሆነውን ስነግራቸው ሞተሩን አስነሣ አላሉኝም። በክሪክ አስነሥተው አንዱን ጎማ አስፈቱኝ። ሞዞውን፣ ማለት ጎማው የሚሰካበትን ክብ ብረት፣ በካሊፐር ለኩ። የቸርኬውን የመሃል ቀዳዳ ለኩ። ከዚያ ጎማውን መልሰው ሰቀሉትና በቀዳዳውና በሞዞው መካከል ትንሿን ጣታቸውን አስገቡ።

«ይኸው» አሉ። «ጣቴ ገባ። መግባት አልነበረባትም።»

«ምን ማለት ነው?»

«የፋብሪካው ቸርኬ ሞዞው ላይ እንደ ኮፍያ ነው ልክክ የሚል። ይኸኛው ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆን ተብሎ ሰፍቶ ተበስቷል። ሞዞው ሃምሳ አራት ሚሊሜትር ነው፤ ቀዳዳው ስልሳ ሰባት። ስለዚህ መሃሉን የሚያገኝለት የለም፤ በዳዶ ብቻ ነው የተንጠለጠለ። አንዱን ዳዶ ቀድሞ አጥብቆ የጨረሰ ሰው ወደዚያ ጎን ስቦታል። አንድ ሚሊሜትር ቢስበው ይበቃል።»

«ማሽኑ ግን ዜሮ ነው ያለው።»

«ማሽኑ የሚይዘው በመሃል ቀዳዳው ነው። መኪናዋ የምትይዘው በዳዶ ነው። ሁለቱ መሃል አንድ ካልሆነ ማሽኑ ምን ያድርግ? አልዋሸህም።» እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ቀለበት ነው የሚያስፈልገው። ውጭው ስልሳ ሰባት፣ ውስጡ ሃምሳ አራት። ክፍተቱን ይሞላዋል፤ ቸርኬው መሃሉን ያገኛል። ነገ ይደርሳል። መኪናይቱ ያንተ ናት?»

«ያባቴ ናት» አልሁ። እዚያ ማቆም እችል ነበር። ግን አምስት ሳምንት የያዝሁት ነገር በማላውቃቸው ሰው ፊት ተዘረገፈ። እጁን፣ ብርጭቆውን፣ ገዢውን፣ ሁሉንም ነገርኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ምነው ሳትነግራቸው?»

«አስጠግኜ ልነግረው ብዬ ነው ጋሼ።»

«አንተ መኪና ስታስታምም እሳቸው በሌለባቸው በሽታ ተቀምጠዋል» አሉ። ድምፃቸውን አላነሡም። «ቀለበቱን እሠራዋለሁ። የምገጥመው ግን እሳቸው ባሉበት ነው። ይዘሃቸው ካልመጣህ አትምጣ።»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ አባቴን በረንዳው ላይ አገኘሁት። ወንበር ሳብሁ፤ መቀመጥ አቃተኝ፤ ቆሜ ነገርሁት።

«አባባ፣ መሪው ይንቀጠቀጣል።»

«የቱ መሪ?»

«የመኪናዋ። ሰማኒያ ላይ። እጅህ አይደለም። እኔ ያመጣሁት ቸርኬ ነው።»

ለራሱ እንደሚያወራ «መቶ ሲያልፍ ይቀንሳል» አለ።

«አዎ።»

«እጅ ቢሆን እንዴት ይቀንሳል?» አለ። «እንዴት አላሰብሁትም?» ቀና ብሎ አየኝ። «መቼ አወቅህ?»

«ስኳሩን ለአክስቴ ያደረስሁ ዕለት።»

«አምስት ሳምንት» አለ። «አምስት ጁምዓ።» ተነሥቶ ገባ። ቢመታኝ እመርጥ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ አባቴ መኪናዋ አጠገብ ቆሟል። በጭነት መኪና ዘመኑ ይለብሰው የነበረውን ጃኬት ለብሷል። በተሳፋሪው በኩል ገባ። እስከ አዘዞ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም።

ባለቶርኖው «እንደምን አደሩ አያ» ብለው ጎንበስ አሉለት። አራት የአሉሚኒየም ቀለበቶች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። አባቴ አንዱን አንሥቶ በብርሃን አየው፤ በቸርኬው ቀዳዳ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ ገፋው። ሳይላላ፣ ሳይጠብቅ ገባ።

«ሸጋ ሥራ ነው» አለ።

ከዚያ የሽቦ ብሩሽ ጠየቀ። ሞዞው ላይ ቀጭን ዝገት ነበር፤ ባለቶርኖው ልሥራው ቢሉት እምቢ ብሎ ተንበርክኮ ራሱ ፈተገው። ዝገት ካለ ቀለበቱ እኩል አይቀመጥም። ጎማውን ሲሰቅሉት ገና ዳዶ ሳይገባ ሞዞው ላይ በራሱ ቆመ። አባቴ በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው፤ ንቅንቅ አላለም። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ።

ማሰሩን ለኔ ሰጡኝ። መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ፤ ከዚያ በቁልፍ ትንሽ ትንሽ፣ ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገሩ፤ የመጨረሻው ማጥበቅ ጎማው መሬት ሲነካ። ሦስተኛው ጎማ ላይ ቸኰልሁና አንዱን ዳዶ ቀድሜ አጠበቅሁት። አባቴ ቁልፉን ከእጄ ወሰደ፤ ሁሉንም ፈታቸው፤ መልሶ ሰጠኝ።

«ከመጀመሪያው» አለ። ጠዋት ከተነሣን ለኔ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነው።

አራተኛውን እሱ ራሱ ሊያስር ፈለገ። ዳዶውን ብሎኑ ጫፍ ላይ ሲያስቀምጥ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ አንዴ ሳተ። እኔ ልረዳው ስንቀሳቀስ ባለቶርኖው ሁለት ጣት በጎደለው እጃቸው ደረቴን ያዝ አደረጉኝ። አባቴ በሁለተኛው አገኘው።

ሲያልቅ እሱ መሪው ጋ ገባ፤ እኔ አጠገቡ። ወደ እንፍራንዝ ዞረ። ስልሳ፣ ሰባ። ዓይኔን ከቆጣሪው ላይ መንቀል አቃተኝ፤ እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ሰባ አምስት። ሰማኒያ። መሪው ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ሳሕን ዝም አለ። ሰማኒያ አምስት፣ ዘጠና። አባቴ ግራ እጁን ከመሪው አንሥቶ አየር ላይ ያዛት። ጣቶቹ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ተንቀጠቀጡ።

«ይኸኛው የኔ ነው» አለ። እጁን መለሰ። «ይኸን አውቀዋለሁ። ካንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከናትህ እየደበቅሁት ነበር።»

«ለዚህ ነው መኪናዋ ያልመሰለህ?»

«ጎማው አዲስ፣ ቸርኬው አዲስ፣ ያመጣኸው አንተ። ከሁሉም ውስጥ አሮጌ የነበርሁ እኔ ብቻ ነኝ። ማንን ልጠርጥር?»

እንፍራንዝ ልንገባ ስንል መንገድ ዳር አቆመና ዳዶዎቹን እንደገና አስፈተሸኝ፤ አዲስ የታሰረ ጎማ ጥቂት ከሄደ በኋላ እንደገና ይታያል። አንዱ ሩብ ዙር ወሰደ።

አክስቴ ከበር ወጥታ ወገቧን ይዛ ጠበቀችን።

«ሁለት ወር አለፈ» አለችው። «ሞተሃል ብዬ ነበር።»

«ማኪናዋ ታማብኝ ነው እቴ» አለ አባቴ።

እኔን ሊሸፍን ነው። ልቋቋመው አልቻልሁም። «አክስቴ፣ ያሳመምኋት እኔ ነኝ፤ ባለፈውም ጉንፋን ነው ያልሁሽ ውሸት ነው» ብዬ እዚያው በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኋት። ሰማችኝ። ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ይቅር አልኸው?»

«ገና ነኝ» አለ። «ምሳ በልቼ አስብበታለሁ።»

እሱ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ነዳ፤ እጁ መሪ መያዝ ሲያቅተው ማንም ሳይነግረው ራሱ ተወው፤ ያኔ አላዘነም። እኔም በሚቀጥለው ዓመት እንዳልሁት መተማ ወረድሁ፤ ተመለስሁ፤ እንደገና ሄድሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ ዛሬም አይሆንልኝም። ከመተማ ስደውል ግን አንድ ልማድ ይዤ ነበር፤ የተበላሸ ነገር ካለ ስልኩ እንደተነሣ እሱን ነው የማስቀድመው። አባቴ «መጀመሪያ እንደምን ዋልህ በል እንጂ፤ አሳዳጊ እንደሌለህ» እያለ ይቈጣኝ ነበር።